ትሪግቬ ሊ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የት የት ጋ ልክ እንዳልሆነ

ሰሞኑን ስለ ተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ስለ ትሪግቬ ሊ የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ በየቴሌግራሙ እየዞረ ነው፣ ብዙ ሰውም «ታሪኩ ይሄው ነው» እያለ እየተቀባበለው ነው። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፣ ጸሐፊው ደክመው እንዳነበቡም ያስታውቃል፣ ግን የደረሱበት መደምደሚያ ልክ ነው ብዬ ስለማላምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በአማርኛ ስለዚህ ሰው የተጻፈው ነገር በጣም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አንዴ የተሰራጨው ነገር እንደ እውነት ተይዞ ይቀራል፣ ያውም ኮሪያ የዘመቱትን አባቶቻችንንና የኤርትራን ጉዳይ አስገብተውበት።

በቅድሚያ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ትሪግቬ የሠራተኛ ማኅበርን መሰላል አድርጎ ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው ነው ይላሉ። በ1936 የፍትሕ ሚኒስትር ሆኖ ስታሊንን ለማስደሰት፣ ከሩሲያ አብዮት መሪዎች አንዱ የነበረውንና ስታሊን ያሳደደውን ትሮትስኪን አስሮ አባረረ፣ በ1946 ደግሞ አሜሪካ መርጣ ያስቀመጠችው አሻንጉሊት ሆነ፣ በኮሪያ ጦርነት ኢትዮጵያን ጨምሮ ትንንሽ አገሮችን በማያገባቸው ነገር ማገዳቸው፣ ኤርትራን በአገሩ በኖርዌይ በኩል ለጃንሆይ አሰጠ፣ የራሱን ሠራተኞች ለአሜሪካ መርማሪዎች አሳልፎ ሰጠ፣ በመጨረሻም ማንም የማይፈልገው ሰው ሆኖ አገሩ ገባና የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሆኖ ተረስቶ ቀረ። ክሱ በአጭሩ ይሄ ነው። ከነዚህ ውስጥ በሁለቱ ላይ፣ ማለትም በትሮትስኪና በሠራተኞቹ ጉዳይ፣ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም፣ የምለየው ምክንያቱ ላይ ነው። ሌሎቹ ግን አይቆሙም።

መሰላል ከሚለው ልጀምር። ትሪግቬ በ1896 ኦስሎ ነው የተወለደው፣ ያኔ ከተማዋ ክሪስቲያኒያ ነበር የምትባለው። አባቱ አናጢ ነበር፣ ልጁ ገና ትንሽ እያለ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ እናቱ ግሩሩድ በሚባል የሠራተኞች ሰፈር ምግብ እየሸጠችና ክፍል እያከራየች ነው ያሳደገችው። ሌበር ፓርቲ ውስጥ የገባው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ ነው። በፓርቲው ቢሮ እየሠራ ሕግ ተምሮ በ1919 ተመረቀ፣ ከ1922 እስከ 1935 ደግሞ የኖርዌይ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የሕግ አማካሪ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው! እስቲ ራሳችንን በ1922 ቦታ ላይ እናድርግና እንጠይቅ፣ ሥልጣን የሚፈልግ የሕግ ምሩቅ ያኔ እዛ ይገባል? ፓርቲው በዛን ጊዜ የሞስኮው ኮሚንተርን (የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ኅብረት) አባል ነበር፣ የአገሪቱ ትልልቅ ሰዎች የሚፈሩት ፓርቲ ነበር፣ በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት ሲመሠርት እንኳን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ነው የወደቀው። በ1927 ለአድማ ሰባሪዎች ከለላ የሚሰጥ ሕግ ወጣ፣ በ1931 አሠሪዎች አገር አቀፍ ሎክአውት አድርገው ሠራተኛውን በር ዘጉበት። መሰላል ቢፈልግ ኖሮ ከዚህ በጣም የሚቀል መሰላል ነበረለት። እርግጥ ነው ሹመት የሚወድ ሰው ነበር፣ ይሄን የማይክድ የለም፣ እንዲሁም ጸሐፊው እንዳሉት ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው አይደለም፣ ጠበቃ ነው። ይሄን እቀበላለሁ።

ግን ጽሑፉ ሮጥ ብሎ ያለፈው እነዛን አሥራ ሦስት ዓመታት ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የማኅበር ጠበቃ ምን ይሠራል? ኖርዌይ በ1915 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የሥራ ክርክር ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት አላት፣ እዛ ገብቶ «ይሄ የኅብረት ስምምነት እንዲህ ይላል፣ አሠሪው ጥሷል» ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። የሚያሸንፈው በስምምነቱ ነው፣ ስምምነቱ የሚጸናው ደግሞ ከኋላው ማኅበር ስላለ ነው። ማኅበሩ ከፈረሰ የወረቀቱ ዋጋ ዜሮ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሰው ከሁሉም በፊት የሚጠብቀው ድርጅቱን ነው፣ አንድ አባል ቢጎዳ ያሳዝናል ግን ድርጅቱ ካለ ነገ ይካሳል ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ የትሪግቬን ሕይወት ከዳር እስከ ዳር ሳየው ጥሩውም መጥፎውም ከዚህ ነው የሚመነጨው። አሻንጉሊት የሚለው ቃል ይሄን ይሸፍነዋል፣ ምክንያቱም አሻንጉሊት ራሱ አያጠፋም፣ ጥፋቱ የገመዱ ባለቤት ነው። ትሪግቬ ግን ያጠፋውን ራሱ ነው ያጠፋው።

ትሮትስኪ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉት በአብዛኛው ትክክል ነው። ትሮትስኪ ሰኔ 1935 ኖርዌይ ገባ፣ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም በሚል ቅድመ ሁኔታ፣ ሆነፎስ አካባቢ ኮንራድ ክኑድሰን የሚባል የሌበር ፓርቲ ሰው ቤት ተቀመጠ። የፈቀደለት መንግሥት ራሱ ትሪግቬ የፍትሕ ሚኒስትር የነበረበት መንግሥት ነው። ነሐሴ 1936 ላይ የኖርዌይ ናዚዎች መሪ የክቪስሊንግ ፓርቲ ሰዎች ቤቱን ሰብረው ገብተው ወረቀት ሰረቁ፣ በዛው ወር ሞስኮ ላይ የቀድሞዎቹ የቦልሼቪክ መሪዎች የዚኖቪየቭና የካሜኔቭ ችሎት ተጀመረና ትሮትስኪ የሴራው መሪ ተብሎ በሌለበት ተወነጀለ፣ ከዚያ ሶቭየት አባሩልኝ ብላ ጠየቀች። የኖርዌይ ዓሣና መርከብ ከሶቭየት ጋር ብዙ ንግድ ነበረው፣ ምርጫም እየደረሰ ነበር። ትሪግቬ ምን አደረገ? ትሮትስኪን ሁሩም በሚባል ቦታ በዘበኛ አስቀመጠው፣ ለዚህ የሚሆን ሕግ ስላልነበረ አስቸኳይ አዋጅ ወጣ፣ ትሮትስኪ ስም አጥፊዎቹን በኖርዌይ ፍርድ ቤት ልክሰስ ሲል ደግሞ ያንን የሚከለክል ሌላ አዋጅ ተጨመረ። ታኅሣሥ ላይ ሩት በምትባል የነዳጅ መርከብ ጭነው ወደ ሜክሲኮ ላኩት።

ይሄ አሳፋሪ ነው፣ ምንም ማለስለሻ አያስፈልገውም። ዕድሜውን በሙሉ «ሠራተኛው ፍርድ ቤት የመቆም መብት አለው» ሲል የኖረ ጠበቃ አንድ ስደተኛ ፍርድ ቤት እንዳይቆም አዋጅ ማውጣቱ ለእኔ ከማሰሩም ይብሳል። ግን ጸሐፊው «ለስታሊን ብሎ» ያሉት ጋ እለያለሁ። ለስታሊን የሚያደላ ሰው ቢሆን ሶቭየት የጠየቀችውን ሙሉ ያደርግ ነበር፣ ትሮትስኪን ለሞስኮ አሳልፎ አልሰጠም፣ የሚቀበለው አገር እስኪገኝ ነው ያቆየው። ያደረገው ለፓርቲው፣ ለንግዱና ለምርጫው ብሎ ነው። ይሄ ጥፋቱን አያቀለውም፣ እንዲያውም በአንድ በኩል ያከብደዋል። ደግሞም አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ያው ጽሑፍ በ1936 የስታሊን ተላላኪ፣ በ1946 የአሜሪካ አሻንጉሊት ነው ይላል፣ በመሃል ምን እንደተፈጠረ ግን አይነግረንም። በመሃል እኮ ጦርነቱ አለ። ጀርመን በ1940 ኖርዌይን ስትወር ትሪግቬ የአቅርቦት ሚኒስትር ነበር፣ ወደ 1000 የሚጠጋው የኖርዌይ የንግድ መርከብ በጀርመን እጅ እንዳይወድቅና ወደ ተባባሪዎቹ ወደብ እንዲሄድ በተሠራው ሥራ ዋና እጅ አለበት። ከዚያ ከንጉሡና ከመንግሥቱ ጋር እንግሊዝ ተሰደደ፣ ለንደን ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ሰውን ከአገር ያባረረው ሚኒስትር አራት ዓመት ሳይሞላው ራሱ ስደተኛ ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ ሁሉ አንድ መስመር የለም።

አሁን ወደ አሻንጉሊቱ። አሜሪካ መረጠችው የሚለው ቀጥታ ስህተት ነው። ጥር 1946 ለንደን ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው ፕሬዚዳንትነት ትሪግቬን ያቀረበችው ሶቭየት ናት፣ በቤልጂየሙ ስፓክ 28 ለ23 ተሸነፈ። ለዋና ጸሐፊነት አሜሪካ የፈለገችው የካናዳውን ሌስተር ፒርሰንን ነበር፣ ሶቭየት ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ሰሜን አሜሪካ ከሆነ ኃላፊውም ከዛው መሆን የለበትም ብላ አልተቀበለችም፣ ትሪግቬ የሁለቱ ማስታረቂያ ሆኖ ነው የወጣው። አስታራቂ ዕጩ ከሁለቱም በኩል ሁለተኛ ምርጫ ነው እንጂ የአንዱ ንብረት አይደለም።

ሥራውን ከጀመረ በኋላ ያደረገውንም እንይ። ገና ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 1946፣ የኢራን ጉዳይ ላይ (ኢራን የሶቭየት ጦር ከአገሬ አልወጣም ብላ ባቀረበችው አቤቱታ) አሜሪካ አጀንዳው ይቀጥል ስትል ትሪግቬ «ኢራን ራሷ አቤቱታዋን ካነሳች አጀንዳው ሊቀጥል አይገባም» የሚል የሕግ አስተያየት ለጸጥታው ምክር ቤት አስገባ፣ ሶቭየት የምትለውን ማለት ነው። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። በ1950 መጀመሪያ ደግሞ የቻይና ወንበር ለማን ይሰጥ የሚለው ሲያወዛግብ፣ አገሩን በተግባር የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው መቀመጥ ያለበት የሚል ማስታወሻ አሰራጨ፣ ይሄ ለፔኪንግ፣ ለኮሚኒስቱ መንግሥት፣ ማለት ስለሆነ ዋሽንግተን ተቆጣች። በዛው ዓመት ግንቦት ሞስኮ ድረስ ሄዶ ስታሊንን አነጋገረ። አሻንጉሊት እንዲህ ዓይነት ነገር ያደርጋል? ጸሐፊው ከ1946 ምርጫ ዘለው በቀጥታ ወደ ኮሪያ መሄዳቸው ነው ክሱን ያስመሰለው፣ በመሃል ያሉት አራት ዓመታት ቢገቡ ኖሮ አሻንጉሊት የሚለው ቃል አይጻፍም ነበር።

ኮሪያ ላይ ደግሞ የምቀበለውን ላስቀድም። ሰኔ 25 ቀን 1950 ትሪግቬ ጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ የሰሜን ኮሪያ ወረራ የድርጅቱ ቻርተር ጥሰት ነው አለ፣ ወገን ለየ። ከዚያ ወዲህ ሶቭየት ፊቷን አዞረችበት፣ የሥራ ዘመኑ ከተራዘመ በኋላ ደግሞ ደብዳቤ እንኳን በስሙ አትጽፍለትም ነበር። ጥቅምት ላይ የሥራ ዘመኑ እንዳይራዘም ሶቭየት ቪቶ አደረገች፣ አሜሪካ በበኩሏ ሌላ ሰው ከመጣ ቪቶ አደርጋለሁ አለች፣ ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ በ46 ለ5 ሦስት ዓመት አራዘመለት። ቻርተሩ ዋና ጸሐፊ የሚሾመው በጸጥታው ምክር ቤት አቅራቢነት ነው ስለሚል ይሄ ማራዘሚያ በሕግ በኩል የሚያነጋግር ነው፣ ጸሐፊው እዚህ ጋ ልክ ናቸው። እንደ ሕግ ሰው እምቢ ማለት ነበረበት ብዬ ነው የማስበው፣ ከዚያ በኋላ ሶቭየትና ወገኖቿ እውቅና የማይሰጡት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ነው የቀጠለው።

ግን «ኢትዮጵያን ማገዳት» የሚለው ከዚህ አይከተልም። ውሳኔውን የወሰነው ምክር ቤቱ ነው፣ የመጀመሪያው 9 ለ0 ነው ያለፈው፣ ዩጎዝላቪያ ድምፅ አልሰጠችም፣ ሶቭየት ደግሞ በቻይና ወንበር ጉዳይ አኩርፋ ከጥር ጀምሮ ስብሰባ አትገባም ነበር። ትሪግቬ በሐምሌ ወር አጋማሽ ለአባል አገሮች የላከው ቴሌግራም «በተለይ እግረኛ ጦር ብትሰጡ» የሚል ጥያቄ ነው። ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ዋና ጸሐፊ የለውም! ያኔ ድርጅቱ 60 የሚጠጉ አባላት ነበሩት፣ ተዋጊ የላኩት 16 ናቸው። ታዲያ ማገዳቸው ከተባለ የቀሩት እንዴት እምቢ አሉ? ሌላው ቀርቶ የራሱ አገር ኖርዌይ እንኳን ተዋጊ አልላከችም፣ የላከችው የመስክ ሆስፒታል ነው። የራሱን አገር ጦር ያላዘመተ ሰው ኢትዮጵያን በግድ አዘመተ ማለት ምን ዓይነት ሎጂክ ነው?

ቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ የላኩት ጃንሆይ ናቸው። በ1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው አንዱ አገር ሲወረር ሌላው ዝም ካለ ነገ ተራው የእሱ ነው ብለው የተናገሩ ንጉሥ፣ ያ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር ሲሞከር ከዳር ሊቆሙ አልፈለጉም። ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ወዳጅነት የመፈለግም ስሌት ነበራቸው፣ ይሄም ግልጽ ነው። ልጆቻችን ግንቦት 1951 ፑሳን ደረሱ፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፣ ከ120 በላይ ሞቱ፣ የተማረከባቸው የለም። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም ክርክሩን አከብራለሁ። ኒውዮርክ ያለ አንድ ኖርዌጂያዊ ገፍቶ አስገባቸው ማለት ግን ሲጀመር እውነት አይደለም፣ ሲቀጥል ደግሞ የኢትዮጵያን መንግሥት የራሱ ሐሳብ የሌለው ያስመስለዋል።

ኤርትራ ላይ ያለው ክስ ከሁሉም ደካማው ነው። ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘው ነው የተነሱት፦ በ1950 ኤርትራ ሄዶ ሁኔታውን እንዲያጠና በተላከው የአምስት አገሮች ኮሚሽን ውስጥ ኖርዌይ ነበረች። ሌሎቹ በርማ፣ ጓቲማላ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የኖርዌዩ ተወካይም ኤርትራ ሙሉ በሙሉ ከኢትዮጵያ ጋር ትዋሐድ ብሏል፣ ልክ ነው። ግን ቆይ፣ የእሱ ሐሳብ እኮ አላሸነፈም! ጓቲማላና ፓኪስታን ነፃነት አሉ፣ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን አሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ያጸደቀው ፌዴሬሽኑን ነው፣ በ46 ለ10። ትሪግቬ ድምፅ የለውም፣ ከኖርዌይ መንግሥትም ከወጣ አራት ዓመት አልፎታል። ኮሚሽኑ ውስጥ ያለው የኖርዌይ ሰው የእሱ ተላላኪ ነው ካልን በርማዊው የማን ነው ሊባል ነው? በዛ ውሳኔ ላይ ያለ ቅሬታ፣ ኋላም በ1962 ፌዴሬሽኑ በመፍረሱ ላይ ያለ ቅሬታ ከባድ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው፣ ስለዚህ ተጠያቂውን ስንፈልግ በእውነት እንፈልግ እንጂ በአገር ስም መመሳሰል አናያይዘው።

የሠራተኞቹ ጉዳይ ላይ ግን ጸሐፊው እንዲያውም ቀለል አድርገውታል። በ1952 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠሩ አሜሪካውያንን እየጠራ ኮሚኒስት ናችሁ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም በሚለው በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ መሠረት አንመልስም አሉ፣ መብታቸው ነው። ትሪግቬ ሦስት የሕግ ባለሙያዎች አማክሮ አባረራቸው። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በድርጅቱ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ እንዲኖረው ፈቀደ፣ ያን ቢሮ ያስወጣው ተተኪው ሐመርሾልድ ነው። የገዛ ዋና የሕግ አማካሪው ኤብራሃም ፌለር በዚያ ጭንቅ መሃል ኅዳር 1952 ራሱን አጠፋ። በ1953 የድርጅቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ከተባረሩት ውስጥ ለብዙዎቹ ፈረደላቸው፣ አሜሪካ ካሳው አይከፈልም ብትልም በ1954 ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፍርዱ መከበር አለበት አለ።

ጸሐፊው ይሄን የአሻንጉሊትነት ማስረጃ አድርገው ነው ያቀረቡት። እኔ ትሮትስኪ ላይ ያየሁትን ሰው ነው እዚህም የማየው። አሜሪካ የድርጅቱን በጀት ትልቁን ድርሻ ትከፍላለች፣ የኒውዮርኩ ሕንፃ ራሱ ሮክፌለር በሰጠው 8.5 ሚሊዮን ዶላር በተገዛ መሬት ላይ፣ ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ 65 ሚሊዮን ዶላር ያለወለድ ብድር ነው የተሠራው። የአሜሪካ ምክር ቤት ፊቱን ካዞረ ድርጅቱ እንደ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ (የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር) ይፈርሳል ብሎ ፈራ፣ እና ሰዎቹን መሥዋዕት አደረገ። የሠራተኛ ማኅበር ጠበቃ የነበረ ሰው፣ ለሠራተኛ የሥራ ዋስትና አሥራ ሦስት ዓመት የተከራከረ ሰው፣ አሠሪ ሲሆን መብቱን የተጠቀመ ሠራተኛ አባረረ። ለእኔ ይሄ በሕይወቱ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ነው። ደግሞ ስሌቱም ራሱ ልክ አልነበረም፣ ሐመርሾልድ ኤፍቢአይን ሲያስወጣ ድርጅቱ አልፈረሰም። ስለዚህ ጸሐፊው ሊከሱት ከፈለጉ በዚህ ይክሰሱት፣ የሚጸናው ይሄኛው ነው።

የመጨረሻው፣ «ተረስቶ ቀረ» የሚለው። ትሪግቬ ኅዳር 1952 ለቀቅኩ አለ፣ ሚያዝያ 1953 ሐመርሾልድ ተተካ። ከ1955 እስከ 1963 የኦስሎና የአከርስሁስ አስተዳዳሪ ነበር። ጸሐፊው ይሄን እንደ ውርደት ነው የጻፉት፣ ከዓለም ወንበር ወደ አንድ ክፍለ ሀገር መውረድ። ዋና ከተማውንና ዙሪያውን ማስተዳደር በኖርዌይ ትልቅ የመንግሥት ሹመት መሆኑን እንተወው፣ ትልቅ ሹመት ላይ የነበረ ሰው ወርዶ ሲሠራ ለምን እንደ ውርደት እንደምናየው ግን አይገባኝም፣ እንዲህ ማሰባችን ነው ሹም ከወንበሩ አልወርድ እንዲል የሚያደርገው። ደግሞም አልተረሳም፣ በ1963 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም እስከ 1965 የንግድ ሚኒስትር ሆነ። በ1968 መጨረሻ ላይ ነው የሞተው።

ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ኢትዮጵያዊ አንባቢን አስበው ጽፈው ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካውን መተዋቸው ነው። የኢትዮጵያና በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር የነበረችው የሶማሊያ ድንበር ጉዳይ በምኒልክ ጊዜ ከነበረው የ1897 መስመርና ከ1908ቱ ስምምነት ጀምሮ ሲጎተት የመጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተነጋገሩ አለ፣ አልሆነም፣ የግልግል ዳኞች ይቋቋሙ አለ፣ ዳኞቹ ምን እንደሚዳኙ ራሱ ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙ አልቻሉም። በመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤው፣ የሚያግዛችሁን ገለልተኛ ሰው በመምረጥም ካልተስማማችሁ የኖርዌይ ንጉሥ ይሰይም አለ፣ ንጉሥ ኡላቭ አምስተኛም በ1959 የሰየሙት ትሪግቬን ነው። ማንም የማይፈልገው የተባለው ሰው ማለት ነው። አልተሳካለትም። ዳኞቹ የሚመሩበትን ረቂቅ አዘጋጀ፣ አዲስ አበባና ሮም ግን አልተስማሙበትም፣ ሐምሌ 1 ቀን 1960 ሶማሊያ ነፃ ስትወጣ በካርታው ላይ የነበረው እንግሊዞች በ1950 ያሰመሩት ጊዜያዊ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ በኦጋዴን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቀው እንዲህ ነው። ጽሑፉን እንደገና የሚያወጡት ከሆነ የ1946ቱን ምርጫና የኤርትራን አንቀጽ ያርሙ፣ ኮሪያ ላይ ቴሌግራሙ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ እንዳልነበረ ይጨምሩ፣ የ1959ኙን ድርድር ያስገቡ። ትሮትስኪንና የተባረሩትን ሠራተኞች ግን ምንም እንዳይነኩት፣ እንዲያውም ያንን ክፍል ያስፉት።